ሱባኤ ላይ ሳለሁ

ራያ ሮቢት ላይ፣ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ የሚከራይ ቤት አገኘሁ። ምግብ ቤት ልከፍትበት ልቤ ቆርጦ ነበር። እኛ ዘንድ ግን የንስሐ አባት ሳያማክሩ ትልቅ ነገር አይጀመርም፤ ሄጄ ነገርኳቸው። ቤቱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይቀር ጠየቁኝ። ያኔ ለእኔ አስበው ነበር የመሰለኝ።

«አትቸኩዪ ልጄ፤ አንድ ሱባኤ ያዢና ፈቃዱን ጠይቂ» አሉኝ።

ደስ እያለኝ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሽምብራ እየቆረጠምኩ፣ በዚያ የራያ ሙቀት እየሰገድኩ፣ ምልክት ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ልጅ በሩን አረንጓዴ ቀለም እየቀባ ነበር። «አባባ ነው የተከራየልኝ» አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

እኔ ፈጣሪን ስጠይቅ እሳቸው ባለቤቱን ጠይቀው ጨርሰዋል።

ከዚያው እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ለምን እንደመጣሁ ገብቷቸዋል፤ አላፈሩም።

«ፈቃዱ አልነበረም ማለት ነው፣ ልጄ» ብለው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ።

ተሳለምኩ። መስቀሉ ምን በደለኝ።