የደብሩ ድርሻ

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሞላሌ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሻይ እሸጣለሁ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አጥኚዎች እኔ ዘንድ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማኋቸው። ከድኻ ገበሬ ቤት ለሒሳብ የተፈጠሩ ልጆች አሉ፣ እኛ ግን አላየናቸውም፤ እንዴት እንደሚገኙ እንድናጠና በጀት ተሰጥቶናል ይላሉ። የተገኘ ልጅ ካለ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የቤት ኪራዩንም ቀለቡንም ጥናቱ ይችላል። ይህን ስሰማ ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋብኝ።

የታላቅ ወንድሜ ልጅ ጓሳ አጠገብ ባለው መንደራችን ስምንተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነበር። አባቷ ከዚያ በላይ ከተማ አስቀምጦ ለማስተማር አቅም ስላልነበረው፣ ይበቃታል ብሎ ቆርጧል። እሑድ በእግሬ ወጥቼ ለመንኩት።

«ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ስጠኝ፤ ላስፈትናት።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሒሳብ ሹም የሆንሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። «ውሰጃት። ከወደቀች ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ!»

ወደቀች። ለዚያውም በአንድ ጥያቄ! ወረቀቱን ያረመችው ወጣት አጥኚ አዝና አሳየችኝ። ሃያ አራት ሸክም ሣር ለአምስት አባወራ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል ይላል። ልጅቱ «አራት» ብላ ጽፋለች።

«አራት ሸክም ተርፏል እኮ፤ ረሳሽው» አለቻት አጥኚዋ።

«አልረሳሁም። እሱ የደብሩ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እኛ አገር የቤት መክደኛ ሣር ታጭዶ ሲከፋፈል ለደብሩ እንደ አንድ አባወራ ድርሻ ይነሣለታል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ድርሻው ግን አልቀረም።

«ደብር የሚል ጥያቄው ላይ የታለ?» አለች አጥኚዋ።

«ሳይጻፍስ አይታወቅም እንዴ?» ልጅቱ ከልቧ ተገርማለች።

አጥኚዋ እስክሪብቶዋን አነሣች። «እሺ፣ አባወራዎቹ ሰባት ቢሆኑስ?»

«ሦስት ሦስት። የአባወራው ቁጥር ስንትም ይሁን፣ አንድ ይጨምሩበትና ያካፍሉት።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ቀጠለች። «አራት ከሆኑ ግን ጭቅጭቅ ነው፤ ይተርፋል። ጭቅጭቅ የሌለባቸውን ልንገርዎት? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ ሃያ ሦስት። በቃ፣ ሌላ የለም።»

አጥኚዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ኑ! ኑ ይህችን ልጅ ስሟት!» ጓደኞቿ ተሰበሰቡ። አለቃቸው መልስ መልስ ነው፣ ከወረቀቱ ውጪ አንሄድም ብለው ትንሽ አንገራገሩ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ በጀቱን የተቀበልነው እሷን ለመፈለግ ነው!» አለቻቸው። «የተሳሳተው ጥያቄያችን ነው።»

አለቃው ልጅቱን ራሳቸው ደግመው ደጋግመው ጠየቋት። ከዚያ ስሟን መዝገቡ ላይ አሰፈሩ። እኔማ እልልታዬን ለቀቅሁት!

«እትዬ፣ ኧረ ሰው ያያል!» ብላ ልጅቱ ነጠላዬን ጎተተችኝ።

ያንኑ ቀን ሽቅብ ወጣን። ወንድሜ አላመነኝም። «ምን ጠየቋት ደግሞ?» አለ። የሣሩን ጥያቄ ነገርኩት።

«አራት ነዋ!» አለ፣ ሳያስብ።

መስከረም ላይ ገብሷንና መኝታዋን በበቅሎ ጭኖ ሞላሌ አመጣት። ለተከራየንላት ክፍል የበር መቀርቀሪያ ጠርቦ ገጠመላት፤ ሁለቴ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረውና በቅሎውን እየነዳ ወደ ቤቱ ተመለሰ።