የሜሮን መኪና ገፊ

አዲስ ካርቶን ሲከፈት የሚወጣው የሙጫና የፕላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ ያስቀናኛል። የምሠራው እዚሁ አዳማ፣ የጭነት መጋዘን ውስጥ ነው። ባለፈው ሰሞን ወደ አዳሚ ቱሉ የሚሄድ አንድ የልጆች መኪና፣ ያ ልጅ ውስጡ ተቀምጦ የሚነዳው ዓይነት፣ ካርቶኑ ተቀዶ መጣና እንደገና አሽጊው ተባልኩ። እንዲህ ያለው ዕቃ ቀላል ሆኖ ቦታ ስለሚፈጅ ሒሳቡ በኪሎ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው፤ ባትሪ ስላለው ደግሞ ከተራ መጫወቻ ጋር አንመድበውም። መንገድ ላይ እሳት እንዳያስነሳ የባትሪው ሽቦ ተነቅሎ ነው የሚታሸገው። ወንበሩን አንስቼ የተነቀለውን ሽቦ ሳይ ብቻዬን «ወይኔ ሜሮን!» አልኩ።

ሜሮን የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ነበረች። እትዬ አስካለ ልብስ ነጋዴ ስለነበሩ ከጅቡቲ በሚመጣው ዕቃቸው መሀል አንድ ቀን ቀይ የልጅ መኪና አስመጡላት። ቁልፉ ቢጫን ዝም፣ ፔዳሉ ቢረገጥ ዝም። ወንበሩን አንስቶ ማየት ደግሞ አይታሰብም፤ እሳቸው ቤት ሶፋው እንኳ ከነፕላስቲኩ ነው የኖረው፣ የመኪናው ወንበርም እንዳያረጅ ከነመጠቅለያው ቀረ። «ይሄ በግፊ ነው የሚሄደው» ብለው ፈረዱ፤ ሰፈሩም አመነ።

ገፊዋ እኔ ሆንኩ። በዚያ የአዳማ አቧራና ንፋስ፣ ሜሮን ነጭ ካልሲዋን አድርጋ፣ ፕላስቲኩ ከሥሯ እየተንጫጫ ትቀመጣለች፤ እኔ ጎንበስ ብዬ እገፋለሁ። ጥርት ያለ ሳቅ ነበራት፣ ከኋላ ሆኜ ስሰማው ቅናቱ አንጀቴን ያሳርረው ነበር። በካልሲዋ እቀናለሁ፣ በእናቷ እቀናለሁ፣ በዚያች በማትጮኽ ጡሩንባዋ ሳይቀር እቀናለሁ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዴ ተቀምጬ መሪውን መያዝ። እሷ ግን በየቀኑ «ያንቺ ተራ ነገ ነው» ትለኛለች፤ እናቴም ከአጥር ማዶ «ጫልቱ፣ ኮቱ! ነይ ግቢ፣ የሰው መኪና ስትገፊ ልትመሺ ነው?» እያለች ትጣራለች። እኔ እቴ! ነገ ተራዬ አይደል?

ተራዬ የደረሰው ወደ ሐዋሳ በለቀቁ ቀን ነው። ዕቃው ሁሉ አይሱዙ ላይ ተጭኖ መኪናዋ ብቻ ቀርታ ሳለ፣ ሜሮን ወረደችና «ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ከቤታቸው በር እስከ አይሱዙው ድረስ እሷው ራሷ፣ በዚያ ነጭ ካልሲዋ አቧራውን እየረገጠች ገፋችኝ። መሪውን ጨብጬ በደስታ ሰክሬ ስለነበር ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። ከዚያ መኪናዋን አንስተው ጫኑ፣ እሷም ጋቢና ገባች፣ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ቁርሴን ጎርሼ እየሮጥኩ ወጣሁ። በራቸው ተቆልፏል። እዚያው ደጃቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እናቴ ለመኪናዋ መስሏት «እኔ እገዛልሻለሁ» ብላ አባበለችኝ። ያኔ የምቀናው በሜሮን ነበር። ዛሬ ግን፣ እውነቴን ነው የምለው፣ የምቀናው በዚያች አቧራ በጠጣች ገፊ ልጅ ነው፤ ጠዋት ስትነሳ እየሮጠች የምትሄድበት ደጅ ነበራት።