ባዶ የተተወው መልስ

ስልጠና ለብዙ መምህር አዳራሽ፣ ሻይ፣ ምሳና ጥሩ እንቅልፍ ነው። መምህር ይበልጣል ግን ሳያንቀላፋ አዳምጦ ወጣ፤ መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው። አሰልጣኙ፣ ተማሪ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ራሱ እንዲለይ፣ አጠናኑንም ራሱ እንዲመራ ማስተማር ይቻላል አለ። ጓደኞቹ ወደ ንፋስ መውጫ ሲመለሱ ነገሩን ሚኒባሱ ውስጥ ትተውት ወረዱ። እሱ ይዞት ክፍል ገባ።

የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ሽምደዳ ያንገበግበዋል። ስለ ሴል እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ልጅ «ገብቶሃል?» ሲሉት ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። መግባት አለመግባቱን እንኳ አያውቀውም። ይበልጣል ደግሞ አሰልጣኙ በእንግሊዝኛ ያወራለትን ነገር ልጅ ሳለ እዚያው ገጠር፣ ቤተ ልሔም አካባቢ፣ ከቆሎ ትምህርት ቤት መምህሩ ከየኔታ አበጀ ዘንድ ኖሮበታል። እዚያ ተማሪ የኔታ ፊት ቀርቦ ትምህርቱን ያሰማል። ያልያዘ «አልያዝኩም፣ የኔታ» ብሎ ይመለሳል፤ ማንም አይስቅበትም። ሳይዝ በድፍረት የሚያነበንበው ግን ጉድ ይፈላበታል፤ ከውሸታም እኩል ነው።

ያንኑ ደንብ ወደ ክፍሉ አመጣው። እያንዳንዱ መልስ አጠገብ «ይዣለሁ» ወይም «አልያዝኩም» ይጻፋል። በእሱ ፈተና ባዶ የተወ አይቀጣም፤ ገምቶ የሳተ ግን ይቀነስበታል። መጀመሪያ ሳቁበት፤ «ቲቸር አልያዝኩም» የሚል ስምም አወጡለት። እያደር ግን ልጆቹ የቱ ጋ እንደደከሙ፣ ምኑን ደግመው ማንበብ እንዳለባቸው ማንም ሳይነግራቸው ማወቅ ጀመሩ። ይበልጣል ደስታውን መደበቅ አቃተው።

ከሁሉም ደንቡን አጥብቃ የያዘችው የየኔታ አበጀ ልጅ ሐረገ ወይን ነበረች። ከተማ ክፍል ተከራይታ፣ ስንቋን ከገጠር እየተሸከመች አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። አባቷ ሊድሯት ለአንድ ቤተሰብ ቃል ሰጥተው ነበር፤ ይበልጣል ደጃቸው ድረስ ሄዶ ለምኖ ነው ያስቆየላት።

«እሺ» አሉት የኔታ። «ካለፈች ትማር። ከወደቀች ግን ሰርጉ ጥር ላይ ነው።»

«አትወድቅም፣ የኔታ» አለ ይበልጣል። ጥርጥር አልነበረውም።

ብሔራዊ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተፈትና ስትመለስ መናኸሪያ ላይ ተቀበላት። ፊቷ ፈክቷል።

«ቲቸር፣ አንድም አልገመትኩም!»

«ምን ማለት ነው አልገመትኩም?»

«ያልያዝኩትን ባዶ ተውኩት። የክፍላችን ልጅ አገኘሁ ግን ያላወቀውን ሁሉ ሐ ሐ እያለ አጠቆረ አሉ። ገምቶ ለሳተ አይቀነስም ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ፤ ግን ሳልይዝ እንዴት ብዬ ላሰማ?»

ይበልጣል ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ደንቡ ከክፍሉ በር እንደማያልፍ፣ የዚያ ፈተና ማረሚያ ማሽን ባዶ የተወን እንደማያመሰግን አንድ ቀን እንኳ አልነገራቸውም። ያውቁታል ብሎ ነበር። እነሱ እንዲያስቡ ሲደክም እሱ ማሰቡን ረሳው።

ውጤቱ ሲወጣ ሐረገ ወይን ለጥቂት ወደቀች። ከተወቻቸው ጥያቄዎች ጥቂቱን በዘፈቀደ ብታጠቁር ኖሮ ታልፍ ነበር። አገኘሁ አለፈ። ይሄ ያበግናል፤ የማያበግነው ካለ እሱም ሐ ሲያጠቁር የኖረ መሆን አለበት።

ይበልጣል የኔታ ቤት ሄደ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔታ። አትገምቺ ያልኳት እኔ ነኝ። ለከርሞ በግሏ ትፈተን፤ በማርያም ይዤዎታለሁ።»

የኔታ ነገሩን አጣርተው ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ደንቡ የእኔ ነው፤ አንተ ከየት ታመጣዋለህ?» አሉ። «ያልያዘችውን አልያዝኩም አለች። ልጄ አላሳፈረችኝም።»

ይበልጣል ተስፋ አደረገ። «እንግዲያውስ ይቆዩላት።»

«ቃሌስ?» አሉ የኔታ። «ልጅ እንዲህ ስትታመን እኔ አባቷ ቃሌን ልብላ?»

ሐረገ ወይን ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። የጠየቃት የለም። ይበልጣል ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ጥር ላይ ተዳረች። ይበልጣል ተጠርቶ ነበር፤ አልሄደም።

ከሰርጉ በኋላ ለአዲሶቹ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ፈተና ሰጠ። የ«አልያዝኩም»ን ደንብ በወሬ የሰማች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ያልያዝነው አጠገብ ምን እንጻፍ?»

ይበልጣል ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ምንም አትጻፉ» አለ። «ሐን አጥቁሩ።»

የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። እሱ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ እስኪጨርሱም ፊቱን አልመለሰም።