የ«አልለይሽም» አማት

እማማ ዚፕ የሚሏቸው የተበላሸ ዚፕ ስለሚጠግኑ ነው። ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ቁጭ ብለው፣ ሌላው ልብስ ሰፊ «ጣይው» ያለውን ጃኬት በጉጠት ቆንጠጥ፣ በሻማ አሸት አሸት አድርገው ይመልሱታል። ምላሳቸው ግን ከመርፌያቸው ይብሳል። የቀሚሴ ዚፕ እምቢ ያለኝ ጊዜ «ዚፑ ምን አደረገሽ፤ ሆድሽን ክሰሺ» ብለውኛል።

አንድ ልጅ ነበራቸው። ባገባ በዓመቱ ሕመም ነጠቃቸው። ምራታቸው ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች ሲባል ከአማቷ ጋር ቀረች። ቀን ላውንደሪ ትሠራለች፣ ማታ የአማቷን እግር ታሻለች።

በሻቩዖት፣ ኦሪት የተሰጠችበትን ቀን በምናከብርበት በዓል፣ ከምኩራቡ ጎን ባለው አዳራሽ ተሰብስበን እንማራለን፤ ከየቤቱ የመጣውን የወተትና የአይብ ምግብም አብረን እንበላለን። የዕለቱ ንባብ የአንዲት አማትና የሁለት ምራቶቿ ታሪክ ነው። የሦስቱም ባሎች ሞተዋል። አማትየዋ «ወደየቤታችሁ ተመለሱ» ስትል አንደኛዋ አልቅሳ ትሄዳለች፣ ሁለተኛዋ «አልለይሽም» ትላለች። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ የአማትየዋን ቃል እማማ ዚፕ፣ የታማኟን ምራት ቃል ምራታቸው ያነባሉ። ሰዉ አንጀቱን በላችው፤ ስሟን ትቶ «አልለይሽም» እያለ ይጠራት ጀመር። ጠዋት ማታ «አልለይሽም፣ እንዴት ነሽ?» እየተባለች እንዴት ብላ ትለይ! እኛ እሷን መመረቃችን ነበር፤ ለካስ እያሰርናት ኖሯል።

ዘንድሮ አንድ ሚስቱ የሞተችበት የአውቶቡስ ሹፌር ሊያገባት ጠየቃት። ደግ ሰው ነው፤ ቤቱ ግን ሩቅ ከተማ ነው። ለአማቷ ትንፍሽ ማለት አቃታት። እማማ ዚፕ የሰሙት ከሹፌሩ ከራሱ ነው፤ ጃኬቱን ሰበብ አድርጎ ሱቃቸው ሄደና አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

በበዓሉ ቀን ተራዋ ደርሶ ማንበብ ስትጀምር፣ «አልለይሽም» የሚለው ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። መምህሩ ሊያግዟት ሲሉ እማማ ዚፕ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ተዪው ልጄ» አሉ። «የዚያችኛዋን አንብቢልኝ፤ የሄደችውን።»

«እማዬ...»

«እሷም እኮ ምራት ናት። አማቷን ስማ፣ አልቅሳ ነው የሄደችው። ሰውዬው ደህና ሰው ነው፤ አይቼዋለሁ። ሂጂ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተም የልጅቷን ስም መልሱላት!»

ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ብዙ ቆይታ ቀና አለችና «እሺ እማዬ» አለች።

የአይብ ዳቦው ሲቀርብ ከእማማ ዚፕ በቀር የሚያወራ አልነበረም። ለሁሉም እየቆረሱ «ብሉ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት መሰላችሁ?» ይላሉ።

ሳህን አንስተን ጓዳ ስንገባ፣ «እንዲህ ያለ አንጀት ከየት አመጡ?» አልኳቸው።

ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ።

«ምን አንጀት አለኝ» አሉኝ። «እምቢ ትላለች ብዬ እኮ ነው።»