እጀታ የገጠምንበት ፋሲካ

ልጅ እያለሁ ቤታችን የተቃጠለ ወይራ ይሸት ነበር። አቃቂ፣ ከሐዲዱ በታች፣ ሦስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር ያደግኩት። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሰው ሲቀነስ እሱም ተቀነሰና በር ላይ ተቀምጦ ከረመ። አምስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት አንድ ቅዳሜ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ከገበያ ተሸክሞ መጣ። ሲፈታው እጀታ የሌላቸው የቢላዋ ስለቶች ናቸው፤ ጥቋቁር፣ መዶሻ ያረፈባቸው ቦታ ገና የሚታይ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢው ጥግ ላይ ከሰል ያቀጣጥላል። የስለቱን ሹል ጭራ ፍም ውስጥ ከትቶ ያግለዋል፤ ሲቀላ በፒንሳ ይይዝና አስቀድሞ የበሳው ወይራ ውስጥ ይሰካዋል። እንጨቱ ይንጨረጨራል፤ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል። ከዚያ በሞረድ ይሞርደዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። እጁ አያመነታም። የት እንደተማረው ሰው ሲጠይቅ እናቴ ቀድማ «ፋብሪካ ውስጥ ያየውን ነው» ትላለች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ሳይቀር ያንን ጭስ ይሸት ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት እትዬ ዘውዴ መጀመሪያ ሁለት ቢላዋ ገዝታለች። በዐቢይ ጾም ግን ትንሹ ልጇ ታመመ፤ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ቦኖ ውኃ ልቀዳ ተሰልፌ፣ ከኋላዬ ለሌላ ሴት ስትናገር ሰማኋት። «ቀጥቃጭ ጎረቤት ይዘን ልጅ እንዴት ያድጋል? የሰውዬውን ዓይን አላየሽውም?» ጀሪካኑን ሳልሞላ ተመለስኩ። በማግስቱ አብራኝ የምትቀመጠው አልማዝ ምሳ ዕቃዋን ወደ ራሷ ሳበችና «ካንቺ ጋር እንዳልበላ እማዬ ነግራኛለች» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ እንደታዘዘችው ነው የተናገረችው። ሰኞ ዕለት ክፍሉ በሙሉ አወቀ።

የሕማማት ሳምንት ገባ። ቢላዋ የሚሸጠው ለፋሲካ ነው፤ አባቴ አንድ ጆንያ ሙሉ ስለት አዘጋጅቷል። ወይራ ሊያመጣ ሲወጣ ጠብቄ ጆንያውን እየጎተትኩ አቃቂ ወንዝ ወሰድኩትና ከአፋፉ ላይ ለቀቅኩት።

አባቴ ሲመለስ ጥጉን አየ። እናቴ «ሌባ ገብቷል» ብላ ልትጮህ ስትል እሱ ቀሚሴ ላይ ያለውን ጭቃ ያይ ነበር።

«የት ነው?» አለኝ።

«ወንዝ።»

አልመታኝም። ወንዝ ወርዶ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ውኃው በዚያ ቀን የፋብሪካ ቀለም የፈሰሰበት ነበር፤ ምንም አያሳይም። ጎንበስ ብሎ በእጁ ይዳስሳል፣ አንድ ያወጣል፣ ደግሞ ይዳስሳል። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ አውራ ጣቱ ስር ቆረጠው። በመሐረብ አስሮት ቀጠለ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠውን አወጣ። ረቡዕ ዕለት እጁ አብጦ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ በፋሻ ታስሮ ተመለሰ።

ሐሙስ እናቴ ገበያ በሄደችበት ጠራኝ። «ነይ፣ ፒንሳውን ያዢ። አንቺ ነሽ የምትሰኪው።»

የጋለውን ብረት ይዤ የወይራውን ቀዳዳ ስስት በግራ እጁ እጄን ደገፈው። ሁለት ሦስት ከገጠምን በኋላ «ቀጥቃጭ ነው አባትሽ ይሉኛል» አልኩት።

«እኔ እጀታ ነው የምገጥመው» አለ። ወደ በሩ ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀጥቃጭ አባቴ ነበር። ስሙ ወልዴ ነው። ፋብሪካ ስቀጠር የሌላ ሰው ስም ነው በአባቴ ፈንታ ያስጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ አገሬ አልሄድኩም፤ ሲሞትም አልቀበርኩትም።»

ደብተሬ ላይ የምጽፈው የአያት ስም የማን እንደሆነ ያን ቀን ጠፋኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «አንቺ ብረት ነው የጣልሽው» አለኝ። «እኔ አባቴን ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

አልነገርኩም። የእትዬ ዘውዴ ልጅ ሕመሙ ታይፎይድ ኖሮ በመድኃኒት ዳነ። በዓመቱ እሷው የላላ እጀታ ልታስጠብቅ መጣች፤ አባቴ ተቀብሎ ሠራላት። አውራ ጣቱ ግን እስኪሞት ድረስ በደንብ አልታጠፈም።

አምና ቱሉ ዲምቱ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጨዋ ደንብ «በእናቷ በኩል የማን ዘር ናት?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ስም ሊጠራ ሲል ቀደምኩት። «አባቴ የወልዴ ልጅ ነው። ወልዴ ቀጥቃጭ ነበር» አልኩ። ሽማግሌዎቹ «እንመለሳለን» ብለው ወጡ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችውን እናቴን ለማየት ፈራሁ። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች «አውቅ ነበር» አለች። «ሳንጋባ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ።»

ሽማግሌዎቹ ከወር በኋላ ተመለሱ፤ ልጄም ተዳረች። የባሏ እናት ግን እስካሁን ቤቴ ስትመጣ እህል አትቀምስም። በእኛ ጊዜ ሰው ቦኖ ላይ ቆሞ ነበር የሚናገረው፤ ዛሬ «ጨጓራዬን ያመኛል» ይባላል። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ልጄ ግን ሰው ሲጠይቃት ወልዴ ብላ በሙሉ ድምፅ ትመልሳለች። እኔ ስሙን ሰው ፊት ለመጥራት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። አባቴ ሲጠራው የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በሹክሹክታ።