እንግዳ ፊት የተቆረጠው መስመር

አለቃዬን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም። ንዴቴ አልበረደም።

አዳማ ያለው ቢሯችን ባቱ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን የማቀዝቀዣ ክፍል ከሩቅ ይከታተላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋጋ ፍሪጅ አይሰካም፤ ይህን እዚህ ሕፃን ልጅም ያውቃል። መረጋጋቱን አይቶ ለጠባቂው «አሁን ያብሩ» የሚል መልእክት የሚልከው የእኛ ፕሮግራም ነው። ከባቱ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ ቪፒኤን ነው፣ በኢንተርኔት ውስጥ የሚዘረጋ የግል መስመር። ፕሮግራሙም መስመሩም ኮንቴይነር በሚባል አንድ የሶፍትዌር ጥቅል ውስጥ ሆነው ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በተከራየናቸው የኮምፒውተር ማሽኖች ይሠራሉ። ማሽኖቹ የእኛ አይደሉምና አከራዩ እንዲህ ያለ መስመር በቀላሉ አያስከፍትም። ለምኜ፣ ተጨቃጭቄ አንዱን ማሽን ብቻ አዘጋጀሁ። ለአለቃዬም «ሌሎቹን እስካዘጋጅ ኮንቴይነሩን አጥፍተው እንዳያስነሱት፤ ሲነሳ የትኛው ማሽን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ሌላ ማሽን ላይ ከተነሳ መስመሩ አይከፈትም» አልኩት። እሺ አለ። እሺ ማለት ለእሱ ምን ከባድ ነው።

እንግዶች የመጡ ቀን የባቱን ክፍል ሙቀት የሚያሳየው ስክሪን ተንቀራፈፈበት። እኔ ባንክ ሄጄ ነበር። እፍረት ያዘውና ኮንቴይነሩን አጥፍቶ አስነሳው። ስመለስ ስክሪኑ ፈጥኗል፣ እንግዶቹ ያደንቃሉ፤ የሚታየው ግን መስመሩ ከመቆረጡ በፊት የመጣ አሮጌ ቁጥር ነው። ጠጋ ብዬ «ባቱን እያየን አይደለም። ለማስተካከል ስክሪኑን ላጥፋው» አልኩት በሹክሹክታ።

«እንግዳ ፊት ገበናችንን አታውጪ» አለኝ ፈገግ እንዳለ። «ከሸኘናቸው በኋላ ትደርሺበታለሽ።»

ምሳ ጋበዛቸው፤ እኔንም አብሮ አስቀመጠኝ። እሱ ያጎርሳል፣ ያስቃል፤ እኔ እርር ድብን እላለሁ።

መስመሩን የመለስኩት ሊመሽ ሲል ነው። የክፍሉ ሙቀት ከደጁ አየር እኩል ሆኖ መጣ። አለቃዬም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አድርጌ ለጠባቂው ደወልኩ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ አዛውንቱ ጠባቂ በእርጋታ። «መብራቱ ሄዶ ከመጣ ቆየ። አስጋሪዎቹ ዓሣችን ሸተተ ብለው ሊያበሩት ነበር። የአዳማዎቹ ሳይሉ አይነካም ብዬ በሩ ላይ ቆሜ መለስኳቸው። አሁን ላብራው?»

አለቃዬ እሺ በያቸው እያለ በእጁ ምልክት አሳየኝ። ስልኩን እዚያው እጁ ላይ አኖርኩለት።

«እርስዎ ይንገሯቸው» አልኩት።