ሞጣ የሄዱት እንጨቶቼ

ልጅ እያለሁ ቢቸና ላይ የኔን ያህል መጫወቻ ያለው ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ አናጺ ስለነበር ከበርና ከመስኮት የተረፈውን የጽድ ቁርጥራጭ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ይሰጠኛል። የጽዱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እንጨቶቹ ቀለም አልነበራቸውም፤ ጠዋት ቤት፣ ከሰዓት አውቶቡስ፣ ሲመሽ በሬ ይሆናሉ። ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ አንዱን ባንዱ ላይ ሲያቆም ትንፋሹን ይይዝና ሲናድበት ይስቃል።

አክስቴ ብርቱካን ሞጣ ውስጥ አጸደ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ለፋሲካ መጥታ ስንጫወት ቆማ ብዙ አየችን። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ የሷ ልጆች ፊደል ብቻ እንደሚቆጥሩ፣ እጃቸው የሚይዘው ነገር እንደሌለ ነገረችኝ።

«እንደ ወንድምሽ ያሉ ናቸው፣ እናትዬ። ብትሰጪኝ ይጫወቱባቸዋል። የማን ነው ሲሉኝ ያንቺን ስም እነግራቸዋለሁ።»

አባቴ «ሁሉንም?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ እያለቀሰ እንጨቶቹ ያሉበትን ከረጢት እንዳለ ሰጠኋት።

ግንቦት ላይ እናቴ ሞጣ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ተከተልኳት። መንገዱን ሙሉ ልጆቹ ምን ሠርተውባቸው ይሆን እያልኩ ነበር። የአክስቴ ክፍል ስደርስ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው «ሀ ሁ» ይላሉ። እንጨቶቼ ቀይና አረንጓዴ ተቀብተው፣ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ከላይ በትልቁ «አዘጋጅ፦ መምህርት ብርቱካን» ይላል። ማንበብ በመቻሌ የተናደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለምን እንደማይጫወቱባቸው ስጠይቃት፣ ይጠፋሉ አለችኝ። ከወረዳ የመጡ ጎብኚዎች አይተው በጣም አመስግነዋታል። እንግዲያው ለወንድሜ አንዱን ብቻ ልውሰድለት ብዬ ለመንኳት። ሳቀች።

«የመንግሥት ንብረት ሆነ እኮ፤ ተመዝግቧል።»

ቢቸና ስመለስ ወንድሜ በር ላይ ሆኖ እጄን እጄን አየ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሕፃናት ትምህርት እየተማርኩ ነው። መምህራችን ለትንሽ ልጅ የሚመረጠው ቀላል፣ ልጁ ራሱ የፈለገውን የሚያደርገው ዕቃ ነው ሲሉን አባቴ ትዝ ይለኛል። አክስቴ ግን በሰው ፊት «በኔ ወጣች» ትላለች። በቀደም ደውላ፣ ሙያውን ስለተማርሽ ለልጆቹ መጫወቻ ሥሪልን አለችኝ። ያኔ አምኜ ከነከረጢቱ ሰጥቻት ነበር። አሁን፣ እኔው ይዤ መጥቼ እኔው ወለሉ ላይ እዘረግፍላቸዋለሁ አልኳት።

«ከጠፉስ?» አለችኝ።

ይጥፉ አልኳት።